የልጆቻችንን የልደት ቀን በቤታችን እንዴት እናክብር?

እኛ በተወለድንበት ገጠር የልደት ቀን የሚባል በዓል አይታወቅም ነበር። እናቶቻችን የተወለድንበትን ቀን ሲጠየቁ፥ «በኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው፤ ጤፉ ገና አልታጨደም ነበር» እያሉ በበዓልና በመከር ይቈጥሩልን ነበር እንጂ፥ ቀኑን በወረቀት ጽፎ ያስቀመጠልን አልነበረም። በዘመድ አዝማድ ዘንድ ሲታሰብ የሚኖረው ክርስትና የተነሣንበት ቀን ነበር። ወንዱ በ40 ቀኑ፥ ሴቷ በ80 ቀኗ ተጠምቀው፥ ስመ ክርስትና ተቀብለው፥ የእግዚአብሔር ልጆች የሚሆኑበት ቀን ስለ ሆነ፥ በዚያ ዕለት ጎረቤት ሁሉ ተጠርቶ ያለውን ይበላና ይጠጣ ነበር።

ዛሬ ግን ነገሩ ሌላ ሆኗል። በከተማ የሚያድግ ሕፃን ፊደል ሳይቈጥር የልደቱን ቀን ይቈጥራል። ከመዋዕለ ሕፃናት ሲመለስ የባልንጀራው ልደት እንዴት እንደ ተከበረ ይተርክና፥ «የእኔስ መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ የሰማ ወላጅ ሁለት ነገር ያስጨንቀዋል። አንደኛው፥ «ይህ ነገር ለእኛ ለኦርቶዶክሳውያን የተገባ ነውን?» የሚለው ሲሆን፥ ሁለተኛው፥ «ገንዘቡስ ከወዴት ይመጣል?» የሚለው ነው። እኛም በሁለቱም ተጨንቀን ነበርና፥ በመጀመሪያ ስንሳሳት፥ በኋላም ስንታረም ያየነውን ለወላጆች ለማካፈል ይህን ጽፈናል።

ስለ መጀመሪያው ጥያቄ በጥቂቱ እንናገር። አንዳንድ አባቶች፥ በመጽሐፍ ቅዱስ የልደት ቀን ግብዣ እንዳደረጉ የተጻፈላቸው ፈርዖንና ሄሮድስ መሆናቸውን እያነሡ ያስጠነቅቁናል። ማስጠንቀቂያቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በፈርዖን ግብዣ ቀን የእንጀራ አበዛዎች አለቃ ተሰቅሏል፤ በሄሮድስም ግብዣ የመጥምቁ የዮሐንስ ራስ በወጭት ቀርቧል። ነገር ግን ይህችው ቤተ ክርስቲያናችን ታኅሣሥ 29 ቀን የጌታችንን ልደት፥ ግንቦት 1 ቀን የእመቤታችንን ልደት፥ ሰኔ 30 ቀን ደግሞ የዚያኑ የመጥምቁን የዮሐንስን ልደት በምስጋና ታከብራለች። እንግዲህ ጥፋቱ የልደትን ቀን በማሰብ ላይ እንዳልሆነ እንረዳለን። ሄሮድስን ለዚያ ታላቅ በደል ያበቃው አብረውት በማዕድ የተቀመጡትን ሰዎች ማፈሩ ነበር። በተጋባዦቹ ፊት ከሚያፍር ይልቅ የጻድቁን ደም ማፍሰስን መረጠ። ይህን ይሉኝታ ነው ልንፈራው የሚገባን፤ እኛንም ያሳሳተን እርሱው ነውና።

ልጃችን የተወለደው ኅዳር 24 ቀን ነው። አራተኛ ዓመቱ ሲቃረብ፥ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ መካከል የአንደኛው ልደት በታላቅ ድግስ ስለ ተከበረና ልጃችንም ተጠርቶ ስለ ነበረ፥ «ከዚያ ያነሰ ብናደርግ ሰው ምን ይለናል?» አልን። ልጁ ራሱ የጠየቀን ፊኛና ሻማ ብቻ ነበር። እኛ ግን ድንኳንና ወንበር ተከራየን፤ የድምፅ ማጉያ አስመጣን፤ ለስላሳ በሣጥን ገዛን፤ ባለ ሁለት ድርብ ኬክ አዘዝን፤ የጥሪ ካርድም አሳትመን በተንን። ወጪው የወር ደመወዛችንን እኩሌታ ወሰደ። ይህም አልበቃ ብሎ ከባልደረባ ተበደርን፤ ብድሩንም ከፍለን ለመጨረስ ሦስት ወር ፈጀብን።

ዕለቱ የሥራ ቀን ስለ ነበረ ግብዣውን ወደ ቅዳሜ አዛወርነው። እንግዳው መጣ፤ የድምፅ ማጉያውም መጮኽ ጀመረ። ሕፃናቱ ግን ለፎቶግራፍ ተሰልፈው እስኪደክሙ ቆሙ እንጂ እምብዛም አልተጫወቱም። ኬኩም በቅቤና በእንቍላል የተሠራ ነበር። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን መግባቱን እያወቅን፥ «ለልጆች ነው» ብለን አልፈነው ነበር። ዕድሜያቸው ለጾም ያልደረሰው ሕፃናት በሉ። የልጃችን የክርስትና አባት ግን፥ እርጅና የተጫናቸው ሰው ሲሆኑ ከሩቅ ሰፈር መጥተው፥ ልጁን መርቀው፥ ውሃ ብቻ ጠጥተው ሄዱ። ጎረቤቶቻችንም አብዛኞቹ እንደዚሁ ሆኑ። በብድር ያስመጣነውን ኬክ አዋቂው ሁሉ ሳይቀምሰው ቀረ።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነበር። በምንኖርበት የኪራይ ግቢ ስድስት ቤተ ሰብ እንኖራለን። በግቢው ጫፍ ባለችው ክፍል ልብስ በማጠብ የምትተዳደር አንዲት እናት ከአንድ ልጇ ጋር ትኖራለች። ይህ ልጅ የልጃችን እኩያ ነው፤ ጧት ተነሥተው እስኪመሽ ድረስ አይለያዩም። በዚያ ቅዳሜ ግን አልታየም። ልጃችን አዲስ ልብሱን ለብሶ ወደ ክፍላቸው እየተመላለሰ ደጃፋቸውን ይመታ ነበር፤ በሩም ተቈልፏል። ሻማው ሊበራ ሲል እንኳ፥ «እሱ ይምጣና» ብሎ አስቸገረን። እኛም እንግዳ እንዳይሰለች ስንል ሻማውን አበራን። በፎቶግራፉ ላይ ልጃችን ፊቱን ወደ በሩ መልሶ ይታያል።

ነገሩን ያወቅነው ከሁለት ሳምንት በኋላ፥ ባለቤታችን ከዚያች እናት ጋር ቡና ሲጠጡ ነው። «እትዬ፥ ባዶ እጁን እንዴት ልስደደው?» አለች። «የሌሎቹ ልጆች ስጦታ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ተጠቅልሎ ሲገባ አየሁ። እሱ ከመካከላቸው ተለይቶ ከሚቆም ብዬ በማለዳ አክስቱ ዘንድ ወሰድሁት። መንገዱን ሁሉ ሲያለቅስ ነበር።» ባለቤታችን ይህን ስትነግረን የምንመልሰው ቃል አጣን። ልጃችንን ደስ እናሰኛለን ብለን የደገስነው ድግስ፥ ልጃችን ከሁሉ አብልጦ የሚወደውን ባልንጀራውን ከግቢው አስወጥቶት ኖሯል። ይህንም ያደረግነው እንግዳ አፍረን መሆኑን ስናስበው፥ ወቀሳው ወደ ራሳችን ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ በምናስተምርበት ክፍልም ልብ ብለን መመልከት ጀመርን። የልደት ቀን በክፍል ሲከበር፥ ወላጁ ኬክ ያመጣለት ልጅ ይደሰታል፤ ክፍሉም ያጨበጭባል። ነገር ግን ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ የሚያጨበጭብ፥ የእርሱ ተራ እንደማይደርስ የሚያውቅ ልጅ አለ። «ያንተስ መቼ ነው?» ሲሉት፥ «አላውቀውም» ይላል። ቀኑን ግን ያውቀዋል፤ በመዝገባችን ተጽፎ አለ። አምስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን እንኳ ድህነቱን ለመሸፈን ሲል እንደሚዋሽ አይተን አዝነናል። ስለዚህ የልጅ ልደት በጥቂት ወጪ መከበር ይገባዋል ስንል፥ የወላጅን ኪስ ለመጠበቅ ብቻ አይደለም። ግብዣው ከፍ ባለ መጠን ደጃፉም ከፍ ይላል፤ ትንሹ እንግዳ ሊሻገረው እስኪያቅተው ድረስ።

በሚመጣው ዓመት እንዴት እናድርግ ብለን ስናስብ፥ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። የግንቦት ልደታ በየሰፈራችን እንዴት እንደሚከበር ሁላችን እናውቃለን። እመቤታችን በሊባኖስ ተራራ ተወለደች የሚለውን ትውፊት በማሰብ ጎረቤት ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ በደጅ ይሰበሰባል። ቄጤማ ይጐዘጐዛል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ዳቦ ይቈረሳል፤ ቡና ይፈላል። አንዱ እህል፥ አንዱ እንጨት፥ አንዱ ጉልበቱን ያዋጣል፤ ማን ምን እንዳመጣ የሚመረምር የለም። በመንገድ የሚያልፍ እንግዳ እንኳ ተጠርቶ ከንፍሮው ይዘገንለታል። የልደት በዓል አከባበር ከዚህ የበለጠ ከማን እንማራለን? የእናታችንን የማርያምን ልደት በንፍሮ እያከበርን የልጃችንን ልደት በብድር ማክበራችን፥ ሲያስቡት የሚያስገርም ነው።

ስለዚህ አምስተኛ ዓመቱ ሲደርስ የጥሪ ካርድ አላሳተምንም። ባለቤታችን ሳምንት ሲቀረው በግቢው ካሉት ቤቶች ሁሉ ዞረች። «ቅዳሜ ለልጁ ልደት ዳቦ እንቈርሳለን፤ ስጦታ አይመጣም፤ ይልቅ ሁላችን በአንድ ነገር እንረዳዳ» አለች። ከሁሉ አስቀድማ የሄደችው ግን ወደዚያች እናት ነበር። በግቢያችን እንደ እርሷ ድፎ ዳቦ የሚጋግር የለም። «ዱቄቱንና ኮባውን እኔ አመጣለሁ፤ ሙያው ግን ያንቺ ነው፤ ያለ አንቺ አይሆንልኝም» ስትላት፥ ያች ሴት ጥቂት ዝም ብላ፥ «እርሾውንስ ለእኔ ተዪልኝ» አለች። ዓርብ ማታ አብኵታ አደረች፤ ቅዳሜ በማለዳም ከታችና ከላይ እሳት አድርጋ ጋገረችው።

የሌሎቹም እንዲሁ ሆነ። አንደኛዋ ንፍሮ ቀቀለች፤ ሁለተኛዋ ቡናውን ያዘች፤ ሦስተኛዋ ቄጤማ ከገበያ ይዛ መጣች። ከጎረቤቶቻችን የአንደኛው ልጅ፥ አሥራ አራት ዓመት የሆናት ተማሪ፥ ሕፃናቱን ልታጫውት ተስማማች። በግቢው ያሉ አንዲት አሮጊት፥ «እኔ ምንም የለኝም» ቢሉ፥ «ተረትዎ አለልን» አልናቸው፤ ደስም አላቸው።

ወላጆች መጠኑን ማወቅ ይሻሉና የተሰናዳውን እንዘርዝር። የተገኙት ሕፃናት 18፥ አዋቂዎቹ 12 ያህል ነበሩ። ለድፎው 4 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፥ ጥቂት ዘይት፥ ጨውና ጥቁር አዝሙድ በቃ፤ ከሠላሳ ሰውም ተርፎ ለማግስቱ ቁርስ ሆነ። ለንፍሮው 1 ኪሎ ስንዴና 1 ኪሎ ሽምብራ ከማታው ተዘፈዘፈ። ሁለቱ የሚበስሉበት ጊዜ ልዩ ልዩ ስለ ሆነ ለየብቻ ከተቀቀሉ በኋላ ተቀላቀሉ። 3 ኪሎ ሙዝ ተገዛ። ከቡናው ጋር ለሚቀርበው ፈንድሻ ግማሽ ኪሎ በቆሎ ተርፎት ነበር። ለመጠጥ በለስላሳ ፈንታ ግማሽ ኪሎ ማር ፈልቶ በቀዘቀዘ 5 ሊትር ውሃ ተበጥብጦ፥ ሳይፈላ በዚያው ዕለት የሚጠጣ ብርዝ ተደረገ። ሁሉም የጾም ስለ ሆነ ሽማግሌውም ሕፃኑም ከአንድ ማዕድ በላ። የክርስትና አባቱም በዚህኛው ዓመት ቈርሰው በሉ።

በዚህ ላይ እናቶች ሊጠነቀቁበት የሚገባ ነገር አለ። ፈንድሻ፥ ያልተፈጨ ለውዝና የሽምብራ ቆሎ አራት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ሊሰጡ አይገባም፤ እየሮጠና እየሳቀ ሲበላ በትንፋሽ ቧንቧው ገብቶ ያንቀዋልና። ለትንንሾቹ የንፍሮውን ሽምብራ ጨፍልቆ፥ ሙዙንም ቈራርጦ መስጠት ይሻላል። ማርም ሆነ ብርዝ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፤ ለትልልቆቹ የማይጐዳ ነገር የሕፃኑን አንጀት ሊመርዝ ይችላል። የፈነዳ ፊኛ ቍራጭ ሕፃናት አፋቸው ውስጥ ስለሚከቱት ወዲያው ተለቅሞ ይጣል። የቡናው ከሰልና የፈላው ጀበናም ልጆች ከሚሮጡበት ስፍራ ርቀው ይቀመጡ።

ሰዓቱንም በልክ አደረግነው፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ተጀምሮ 10 ሰዓት ላይ ተፈጸመ። ለትንንሽ ልጆች ከሁለት ሰዓት የበለጠ ግብዣ ደስታው ወደ ልቅሶ ይለወጣል። ለግቢው ጌጥ የሚሆነውን ልጆቹ ራሳቸው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከአሮጌ ደብተርና መጽሔት ቀድደው፥ በሙጫ እያያያዙ ሰንሰለት ሠሩ። ወረቀቱ ጠማማ ቢሆንም የሠሩት እነርሱ ናቸውና ከተገዛው ይልቅ ኰሩበት።

በዕለቱ አስቀድመን በሥዕለ አድኅኖው ፊት ጧፍ አብርተን ጸለይን፤ ሕፃናቱም አቡነ ዘበሰማያትን በአንድ ድምፅ ደገሙ። የልጃችንን ስመ ክርስትናም ጠርተን፥ አምስት ዓመት ስለ ጠበቀው አምላክን አመሰገንን። ልጁ ዓመት ሙሉ ሲጠብቀው የኖረውን ሻማ ግን አልነፈግነውም። ጥሬ ስንዴ በተሞላ ሳህን ላይ 5 ትንንሽ ሻማ ተክለን አቀረብንለት፤ እፍ ሲል ትንፋሹና ምራቁ በሚበላው ላይ እንዳያርፍ ያሰብነው ነው። ከዚያም ሽማግሌው ድፎውን ባርከው ሲቈርሱ፥ የመጀመሪያዎቹን ቍራሾች ለእንግዶቹ ያደለው ልጃችን ራሱ ነው። የልደቱ ባለቤት አገልጋይ እንዲሆን ማድረጋችን በቃል ከምንሰጠው ትምህርት ይልቅ እንደ ጠቀመው እናምናለን።

ጨዋታው ኩኩሉ፥ ሰኞ ማክሰኞና ገመድ ዝላይ ነበር፤ ሲደክማቸውም አሮጊቷ ከቄጤማው ላይ አስቀምጠው እንቆቅልሽ ጠየቋቸው፤ ተረትም ነገሯቸው። ከኪራይ ድምፅ ማጉያ ያላገኘነውን ሳቅ ከእንቆቅልሹ አገኘን። ያወቀውም ያላወቀውም እኩል ይጮኽ ነበር።

ስለ ስጦታ አንድ ነገር አስበን ነበር። ለእያንዳንዱ ሕፃን ግማሽ ወረቀትና ባለ ቀለም እርሳስ ሰጥተን፥ የወደደውን ሥዕል ለባለ ልደቱ እንዲሥልለት አደረግን። አሥራ ስምንቱንም ወረቀት በመርፌና በክር ሰፍተን መጽሐፍ አደረግነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የማን ልጅ ሀብታም፥ የማን ልጅ ድኻ እንደ ሆነ የሚለይ የለም። የዚያች እናት ልጅ የሣለው ሁለት ልጆችንና አንድ የጨርቅ ኳስ ነው፤ ከልጆቹ አንደኛው ከሌላው እጅግ ይረዝማል። ረጅሙ ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ ድረስ ሁለቱ ይከራከራሉ። ያለፈው ዓመት ስጦታዎች ተሰብረው ከተጣሉ ቆይተዋል፤ መጽሐፉ ግን በልጃችን አልጋ ራስጌ አለ።

የዚህ ሁሉ ወጪ ከቀድሞው ከአምስት እጅ አንዱን እንኳ አልሞላም፤ የተበደርነውም የለም። ከዚህ ይልቅ ግን ሌላው ያጽናናናል። ማታ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ያች እናት የቀረውን ድፎ በመሶብ አድርጋ ስታመጣ፥ «ለልጄ ልደት ደግሞ መቼም እናንተ ታግዙኛላችሁ» አለች። ቀኑን ጠየቅናት፤ መጋቢት 5 ቀን፥ የገብረ መንፈስ ቅዱስ ዕለት ነው። በዚያ ቀን ባለቤታችን ንፍሮውን ቀቀለች፤ እኛም ወረቀቱን ሰፋን። ዐቢይ ጾም ነበርና የሚለወጥ ምግብ አልነበረም። ከጎረቤቶቻችንም ሌሎቹ ከዚያ ወዲያ የልጆቻቸውን ቀን በዚሁ ሥርዓት ያከብራሉ።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ የልጃችሁ የልደት ቀን ሲቃረብ ገንዘባችሁን ከመቍጠራችሁ በፊት ልጃችሁ አብሯቸው የሚጫወታቸውን ልጆች ቍጠሩ። ከእነርሱ መካከል የሁሉ ታናሽ፥ የሁሉ ድኻ የሆነውን አስቡ፤ እርሱ ሳያፍር ሊገባበት የሚችለውን ያህል ደግሱ። ወጪያችሁ ያን ጊዜ ራሱ ልኩን ያገኛል። ሰው ምን ይለናል የሚለውም አሳብ ቢመጣባችሁ፥ ዳቦ ቈርሶ ጎረቤቱን ያበላን ሰው የሚነቅፍ ጎረቤት እስካሁን እንዳላጋጠመን እንመሰክርላችኋለን።

እግዚአብሔር አምላክ ልጆቻችንን በዕድሜና በጸጋ ያሳድግልን። አሜን።